ምዕራፍ ሰባት፦ እሸት ሳለ ዘር የሚሰጠው

እ.ኤ.አ. በ1864 ፓሪስ ወደሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ስድስት እንግዳ እንስሳት ከሜክሲኮ መጡ። ርዝመታቸው ከአንድ ስንዝር አለፍ ይላል። አራት አጫጭር እግሮች፣ እንደ ዓሣ ጠፍጠፍ ያለ ጅራት፣ ከአንገታቸው ግራና ቀኝ ደግሞ እንደ ላባ የተዘናፈሉ ሦስት ሦስት ስንጥቦች አሏቸው። ስንጥብ በውኃ ውስጥ የሚኖር እንስሳ የሚተነፍስበት አካል ነው። ዓሣ ከሽፋን ሥር ይደብቀዋል፤ እነዚህ ግን ውጭ አውጥተው ያውለበልቡታል። ስማቸው አክሶሎትል ነው። አገራቸውም ሜክሲኮ ሲቲ አጠገብ ያሉት የሶቺሚልኮ ሐይቅና ቦዮች ናቸው።

ኦጉስት ዱሜሪል የተባለው የሙዚየሙ ፕሮፌሰር በገንዳ ውስጥ አኖራቸው። በዓመቱ እንቁላል ጣሉ። የተፈለፈሉት ልጆች አድገው ወላጆቻቸውን መሰሉ። እስከዚህ ድረስ የሚገርም ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ግን ከልጆቹ አንዳንዶቹ መልካቸውን መለወጥ ጀመሩ። ስንጥባቸው ኮሰመነ፤ በጀርባቸውና በጅራታቸው ላይ የነበረው ስስ ቆዳ ጠፋ፤ ገላቸው ነጠብጣብ አወጣ። በመጨረሻም ውኃውን ትተው አየር የሚተነፍሱ የየብስ እንስሳት ሆኑ። ሳላማንደር ሆኑ ማለት ነው። ሳላማንደር ሲያዩት እንሽላሊት ይመስላል፤ በዝምድናው ግን ለእንቁራሪት ይቀርባል።

አብዛኞቹ ሳላማንደሮች ሕይወታቸውን የሚጀምሩት በውኃ ውስጥ፣ በስንጥብ እየተነፈሱ ነው። ሲጎለምሱ ስንጥቡን ጥለው ወደ የብስ ይወጣሉ፤ ከዚያም ይራባሉ። የዱሜሪል እንግዶች ያላለፉበት ደረጃ ይኸው ስንጥብ ጥሎ ወደ የብስ መውጣቱ ነበር። እንቁላል የጣለችው እናት፣ በመልኳና በአኗኗሯ ስትታይ፣ ገና ልጅ ነበረች።

እሸት

ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ እሸት ያውቃል። ገብሱ ሳይደርቅ፣ ፍሬው ገና ወተት እንደቋጠረ ይቀጠፋል፤ በእሳት ተለብልቦ፣ በመዳፍ ታሽቶ ይበላል። ይጣፍጣል፤ ዘር ግን አይሆንም። ገበሬው ለከርሞ የሚያስቀምጠው በደንብ የበሰለውንና የደረቀውን ነው። በእርሻ ላይ መብሰልና ዘር መሆን አብረው የሚመጡ ነገሮች ናቸው።

አክሶሎትል ሁለቱን ለያይቷቸዋል። የሰውነቱ ቅርጽ በልጅነት ቆሞ ቀርቷል፤ የመራቢያ አካላቱ ግን ጊዜያቸውን ጠብቀው በስለዋል። እሸት ሳለ ዘር ሰጠ።

ከዚህ ምዕራፍ አንባቢ አንድ ነገር ብቻ ይዞ እንዲሄድ ብጠየቅ የምመርጠው ይህን ነው፦ በአንድ ሰውነት ውስጥ ያለው ሰዓት አንድ አይደለም። የእግር ሰዓት አለ፣ የአንጎል ሰዓት አለ፣ የጥርስ፣ የመራቢያ አካል፣ የፍርሃት ሰዓት ሳይቀር አለ። ብዙውን ጊዜ ተናበው ስለሚሄዱ አንድ ይመስሉናል። ዝግመተ ለውጥ ግን አንዱን ሳይነካ ሌላውን ወደፊት ወይም ወደኋላ መግፋት ይችላል።

ባለፈው ምዕራፍ የዝንብንና የአይጥን አካል ከሚያንጹት ጂኖች ብዙዎቹ የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸውን አይተናል። ምዕራፉ ያለቀውም በጥያቄ ነበር፤ አናጺው ያው፣ መጋዙና መዶሻው ያው ከሆነ ቤቶቹ ስለምን ይህን ያህል ተለያዩ? ከመልሶቹ አንዱ መሣሪያው መቼ ይነሣል፣ ለምን ያህል ጊዜ ይሠራል፣ መቼስ ይቀመጣል የሚለው ነው። ብቸኛው መልስ ባይሆንም ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚስበው እርሱ ነው፤ ምክንያቱም በትንሽ ለውጥ ትልቅ ልዩነት የሚወለድበትን መንገድ ያሳያል።

ባለሙያዎቹ ይህን የጊዜ መዛነፍ ሄትሮክሮኒ ይሉታል፤ «ሌላ» እና «ጊዜ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተሠራ ስም ነው። ቃሉን ያወጣው በ19ኛው መቶ ዘመን የኖረው ጀርመናዊ ኤርንስት ሄክል ሲሆን፣ እርሱ ራሱ የተጠቀመበት እንደ እንከን መግለጫ ነበር። ሄክል እያንዳንዱ ሽል ሲያድግ የቅድመ አያቶቹን ታሪክ በቅደም ተከተል ይደግማል ብሎ ያምን ነበር። በእርሱ አስተሳሰብ አዲስ ነገር የሚጨመረው በእድገት መጨረሻ ላይ ነው፤ ጊዜው የተዛነፈ ነገር ሲያጋጥመው ታሪኩን እንዳበላሸ ስሕተት ቆጠረው። አክሶሎትል ግን መጨረሻው ላይ የጨመረው የለም፤ መጨረሻውን ቆርጦ ጣለው። እ.ኤ.አ. በ1922 እንግሊዛዊው ዋልተር ጋርስታንግ የሄክልን ሐሳብ አጥብቆ ተቸ። በ1977 ደግሞ አሜሪካዊው ስቲቨን ጄ ጉልድ በዚሁ ጉዳይ ላይ ባሳተመው ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ርእሱን እንደገና ወደ አደባባይ አወጣው። ሄክል እንከን ያለው ነገር ዛሬ ራሱን ችሎ የሚጠና የለውጥ መንገድ ነው።

ከአንገት የሚወጣ ትእዛዝ

አክሶሎትልን ወደ የብስ የሚያስወጣው ትእዛዝ ከየት ነው የሚመጣው? መልሱ ለእኛ አገር ሰው ቅርብ ነው። አንገታችን ላይ፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ፣ ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ። አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ከምግብ ሲጠፋ ይህ ዕጢ ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው እሱን ነው። በደጋው አገራችን እንቅርት የበዛው አፈሩና ውኃው በአዮዲን ስለሚደኸይ ነው፤ ጨው ላይ አዮዲን የሚጨመረውም ለዚሁ ነው። ዕጢው አዮዲኑን የሚፈልገው በደም አማካይነት ወደ መላ ሰውነት የሚላክ መልእክተኛ፣ ማለትም ሆርሞን ለመሥራት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1912 ጉደርናች የተባለ ተመራማሪ ገና ጅራታም ለሆኑ የእንቁራሪት ልጆች የታይሮይድ ዕጢ ቁራጭ አበላቸው። እነዚያ ሚጢጢዎች ከጊዜያቸው እጅግ ቀድመው እግር አወጡ፣ ጅራታቸውንም ጣሉ። ለማደግ ጊዜ ሳያገኙ ስለጎለመሱም ከተለመደው እጅግ ያነሱ እንቁራሪቶች ሆኑ። ትእዛዙ ሲደርስ ሰውነት «ገና ነኝ» አላለም።

አክሶሎትልም እንዲሁ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ የታይሮይድ ሆርሞን ቢሰጠው ስንጥቡን ይጥላል፣ ቆዳው ይጠነክራል፣ ከውኃ ይወጣል። ገላው ትእዛዙን መስማት አልረሳም ማለት ነው። የጎደለው ትእዛዙ ነው፤ አንጎል ሥር ያለው አዛዥ ዕጢ ታይሮይድን በበቂ ኃይል አይቀሰቅሰውም። ሰፈርተኛው ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ በር ላይ ቆሞ ሳለ ጥሩምባ ነፊው የቀረበትን ጠዋት አስቡ። ሰዎቹ አልሰነፉም፤ ጥሩምባው አልተነፋም እንጂ።

ውኃው የማይደርቅ፣ ምግብ የሞላበት ሐይቅ ውስጥ ለሚኖር እንስሳ ጥሩምባው አለመነፋቱ ጉዳት አልነበረውም። የዛሬው ጉዳቱ ከሌላ ወገን መጣ። ከተማው ሐይቁን እየዋጠው፣ ውኃው እየቆሸሸ፣ ከውጭ የገቡ ዓሦች እንቁላሉንና ልጆቹን እየበሉ አክሶሎትል በትውልድ ቦታው ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል። በዓለም ዙሪያ በየቤተ ሙከራውና በየመስታወት ገንዳው ሲርመሰመስ በሶቺሚልኮ ቦይ ግን ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ስለዚህ እንስሳ በጻፍኩ ቁጥር ይህ ያሳዝነኛል።

መነሻ፣ ፍጥነት፣ መቆሚያ

መንገደኛን ሦስት ነገር ልንጠይቀው እንችላለን፦ መቼ ተነሣህ? በምን ፍጥነት ተጓዝክ? የትስ ቆምክ? የማንኛውም አካል እድገት በእነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች ሊመረመር ይችላል። አክሶሎትል የመቆሚያው ምሳሌ ነው።

የመነሻው ምሳሌ ካንጋሮ ናት። ቀይዋ ካንጋሮ የምታረግዘው ለ33 ቀን ገደማ ብቻ ነው። የሚወለደው ልጅ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ዓይኑ አልተገለጠም፣ የኋላ እግሮቹ ገና ጉጥ ናቸው። ፊቱን ስታዩ ግን ታሪኩ ይለያል። የፊት እጆቹ ጠንክረዋል፣ ጥፍር አውጥተዋል፤ አፉም ለመጥባት ዝግጁ ነው። በእነዚያ እጆች የእናቱን ጸጉር እየቧጠጠ ራሱን ጎትቶ ኪሷ ውስጥ ይገባል፤ ጡቷን ከጎረሰ በኋላም ለሳምንታት አይለቅም። በሌሎችም የጀርባ አጥንት ባላቸው እንስሳት ሽል ላይ የፊተኛው እግር ከኋለኛው ትንሽ ይቀድማል። ካንጋሮ ይህችን ትንሽ ልዩነት ወስዳ ለጠጠቻት። የልጇ እጅና አፍ ቀድመው ተነሡ፤ ሌላው በኪስ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ችካልና ጭብጨባ

የፍጥነቱን ነገር ለማየት እባብ ዘንድ መሄድ አለብን። እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ።

ሽል ገና ሚጢጢ ሳለ በጀርባው መስመር ግራና ቀኝ ትንንሽ የሥጋ ጡቦች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሰለፋሉ። አከርካሪና የጎድን አጥንት የሚሠሩት ከእነሱ ነው። ሁሉም ባንድ ጊዜ አይመጡም፤ ከራስ በኩል ተጀምሮ ወደ ጅራት እየተራ ይቆረጣሉ። በዶሮ እንቁላል ውስጥ በየ90 ደቂቃው አንድ ጥንድ፣ በአይጥ ሽል በየሁለት ሰዓቱ አንድ ጥንድ። ዶሮ 55 ገደማ ሲደርስ ያበቃል፤ አይጥ 65 ገደማ። በሰሜን አሜሪካ የሚኖረው የበቆሎ እባብ የሚባለው ግን 315 ያህል ይቆርጣል።

ሁለት ልጆች ሜዳ ላይ ችካል ሊተክሉ ወጡ እንበል። አንዱ ችካሉን ታቅፎ ከሜዳው ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ይራመዳል፤ ሌላው ቆሞ ያጨበጭባል። ጭብጨባ በተሰማ ቁጥር አንድ ችካል ይተከላል። ሜዳው ያው፣ እርምጃውም ያው ሆኖ ጭብጨባው በአራት እጥፍ ቢፈጥን፣ ችካሉ በአራት እጥፍ ይበዛል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም በዚያው ልክ ይጠብባል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ኦሊቪዬ ፑርኪዬ የሚመራው የተመራማሪዎች ቡድን በእባብ ሽል ውስጥ ያገኘው እንዲህ ያለ ነገር ነው። የእባቡ ጭብጨባ በደቂቃ ሲቆጠር ከአይጥ ያን ያህል አይርቅም። ተራማጁ ልጅ ግን ቀርፋፋ ነው፤ የእባብ ሽል የሚያድገው ዝግ ብሎ ነው። ጭብጨባው ከእርምጃው ጋር ሲመዛዘን በእባብ ውስጥ በአራት እጥፍ ገደማ የፈጠነ ሆኖ ተገኘ። እባብ እባብ የሆነው እግር በማጣቱ ብቻ ሳይሆን፣ በሁለት ሰዓቶች መካከል ያለው ምጣኔ በመለወጡም ጭምር ነው። ሰዓቱ ፈጠነ ሲባል ሁልጊዜ «ከምን አንጻር?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሚያጨበጭበውስ ማን ነው? ይህ ቡድን ቀደም ሲል፣ በ1997፣ በዶሮ ሽል ውስጥ በየ90 ደቂቃው የሚበራና የሚጠፋ ጂን አግኝቶ ነበር። አሠራሩ ሲገለጽ ቀላል ነው። ጂኑ ሲከፈት አንድ ፕሮቲን ይሠራል። ፕሮቲኑ ሲበዛ ተመልሶ ያንኑ ጂን ይዘጋዋል። ጂኑ ሲዘጋ አዲስ ፕሮቲን አይመጣም፤ የነበረው ቀስ በቀስ ይፈራርሳል። ፈራርሶ ሲያልቅ ጂኑ እንደገና ይከፈታል። አንድ ዙር፣ አንድ ጭብጨባ።

በሰው ሕዋስ ውስጥ ይህ ዙር አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከአይጥ ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። የአይጥ እርግዝና ሃያ ቀን ገደማ፣ የእኛ ዘጠኝ ወር መሆኑን ስናስብ አይገርምም ይሆናል። የሚገርመው ግን ሕዋሶቹ ከማኅፀን ውጭ፣ ሳሕን ላይ ሲያድጉም ያንኑ የራሳቸውን ፍጥነት መጠበቃቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ተመራማሪዎች የሰውን የሰዓት ጂን ወስደው በአይጥ ሕዋስ ውስጥ ተከሉት። ጂኑ የአገሩን ፍጥነት ይዞ አልሄደም፤ በአይጥ ፍጥነት ማጨብጨብ ጀመረ።

የእንጀራ ሊጥ አቡክቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ደጋ ላይ ሦስት ቀን የሚፈልግ ሊጥ፣ ያው ጤፍ፣ ያው እርሾ፣ ቆላ ሲወርድ በአንድ ሌሊት ይደርሳል። ለውጡ ከጤፉ አይደለም፤ ከሙቀቱ ነው። በሕዋስ ውስጥ «ሙቀት» የሆነው ፕሮቲን የሚሠራበትና የሚፈራርስበት ፍጥነት ነው። በአይጥ ሕዋስ ውስጥ ሁለቱም ይፈጥናሉ፤ በሰው ሕዋስ ውስጥ ይዘገያሉ። እኛ የደጋ ሊጥ ነን። ይህ ፍጥነት ራሱ በሕዋሱ ውስጥ ምን ላይ እንደተሰቀለ ገና እየተጠና ነው።

ፍርሃት የሚገባበት ቀን

ጊዜ የሚቀርጸው አጥንትና ሥጋን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 ዲሚትሪ ቤልያዬቭ የተባለ የሶቪየት የዘር ባለሙያ በሳይቤሪያ፣ ኖቮሲቢርስክ አጠገብ፣ ለጸጉራቸው ሲባል ይረቡ ከነበሩ ቀበሮዎች መካከል ሰውን ብዙ የማይሸሹትን እየመረጠ ማዳቀል ጀመረ። መስፈርቱ ገርነት ብቻ ነበር። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ጅራታቸውን የሚቆሉ፣ ሰው ሲያዩ የሚያለቅሱ፣ እጅ የሚልሱ ቀበሮዎች ተወለዱ።

ከለውጦቹ አንዱ የሰዓት ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። የቀበሮ ግልገል ዓይኑ ከተገለጠ በኋላ አዲስ ነገርን ሁሉ ሳይፈራ የሚያሸትበት፣ የሚቀርብበት ወቅት አለው። በተራው ቀበሮ ይህ በር በ45 ቀን ዕድሜ ገደማ ይዘጋል፤ ፍርሃት ይገባል። በገሮቹ ዘንድ ግን እስከ 60 ቀንና ከዚያም ትንሽ በላይ ክፍት ይቆያል። በእነዚያ ሁለት ተጨማሪ ሳምንታት ግልገሉ የሚያገኘው ሰው ወዳጁ ሆኖ ይቀራል። ደጃችን ላይ የሚተኛው ውሻም ከተኩላ ሲለይ በተመሳሳይ መንገድ ሳያልፍ አልቀረም ብለው የሚያስቡ አሉ፤ እኔም ወደዚያ አደላለሁ።

ሰላም

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፤ በጥንቃቄ ግን። ባለፈው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሆላንዳዊው ሉዊስ ቦልክ ሰው ማለት በልጅነቱ የቀረ ዝንጀሮ ነው የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የቺምፓንዚ ግልገል ፎቶ ያየ ሰው ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባዋል፤ ክብ ራሱ፣ ጠፍጣፋ ፊቱና ትንሽ መንጋጋው ከአዋቂው ቺምፓንዚ ይልቅ እኛን ይመስላል። ይሁን እንጂ ሰውን በሞላ እሸት ማለት አይቻልም። ረጅም እግራችን ከልጅነት መቅረት ሳይሆን ከልክ አልፎ ማደግ ነው። አንዱ ሰዓታችን ሲዘገይ ሌላው ፈጥኗል ወይም ረዝሟል። ለአንጎላችን ያለው ሰዓት ግን በእርግጥ ዝግ ያለ ነው። ሰው ሲወለድ አንጎሉ ከአዋቂው አንጎል አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ያድጋል። ይህ ዝግታ መቼ ተጀመረ?

ከመልሱ ከፊሉ የተገኘው አፋር፣ ዲኪካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ከአዋሽ ማዶ፣ ሉሲ ከተገኘችበት ሐዳር ፊት ለፊት፣ የአንዲት ሕፃን ቅሪተ አካል አገኘ። ዕድሜው 3.3 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ ሕፃኗም ከሉሲ ወገን ናት። ፊቷ፣ ጥርሷ፣ የትከሻዋ አጥንት፣ የጎድን አጥንቶቿ ሳይቀሩ በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ተጣብቀው ነበር። ዘረሰናይ አጥንቱን ከድንጋዩ የለየው በጥርስ ሐኪም መቦርቦሪያ፣ ቅንጣት በቅንጣት እያነሣ፣ ለዓመታት ነው። ስሟን ሰላም አሏት።

የሕፃን ጥርስ የቀን መቁጠሪያ ነው። ጠንካራው የጥርስ ቅርፊት ሲሠራ በየዕለቱ አንድ ስስ መስመር ይጨምራል፤ ዛፍ በዓመት አንድ ቀለበት እንደሚጨምር ሁሉ። የሰላም ቅል ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ወደሚገኝ እጅግ ብርቱ የኤክስሬይ ጨረር ማመንጫ ተወስዶ ጥርሷ ሳይሰበር ውስጡ ታየ፤ መስመሮቹም ተቆጠሩ። የቅሏ ውስጥ ስፋት ሲለካ አንጎሏ 275 ሚሊ ሊትር ገደማ እንደነበር ታወቀ። ግማሽ ሊትር የውኃ ጠርሙስ ከግማሹ ጥቂት ከፍ ብሎ ሲሞላ ማለት ነው። የወገኖቿ አዋቂ አንጎል በአማካይ 445 ሚሊ ሊትር ያህል ነበር። ስለዚህ ብዙ ይቀራት ነበር፤ በእሷ ዕድሜ ያለ ቺምፓንዚ ከዚያ በላይ ተጉዞ ወደ መጨረሻው ተቃርቧል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ይህ ጥናት ያሳየው ሌላም ነገር ነበር። የእነ ሰላም አንጎል አቀማመጥ እንደ ቺምፓንዚ ነው፤ መጠኑም ከቺምፓንዚ እምብዛም አይበልጥም። የተለወጠው የሚያድግበት ጊዜ ነው። አንጎል ትልቅ ከመሆኑ ከረጅም ዘመን በፊት ሰዓቱ ዝግ ማለት ጀምሮ ነበር ማለት ነው። አንጎሏ ገና ያላለቀ ሕፃን ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሚሸከማት፣ የሚያበላት፣ ሲመሽ የሚያቅፋት ሰው ትፈልጋለች። በዲኪካ፣ ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ያን ሥራ የሠራ ነበር።

ጥርሷ ውስጥ የተቆጠረው ዕድሜዋ 861 ቀን ነው።